ጥርስን የሚያስኬደው ማን ነው?

የእህቴ ልጅ ጥርሷን ሽቦ ካሳሰረች ዓመት ሊሞላት ነው። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ከደሎ መና ተነስታ የሐረናን ጫካ ታቋርጣለች፣ ሪራን ታልፋለች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን አምባ ወጥታ ጎባ ትወርዳለች፤ ከዚያ በሮቤ አድርጋ አዲስ አበባ ትገባለች። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለፈው ጊዜ በተመለሰች ማግስት እናቴ የገብስ ቆሎ ቆልታ ቡና ቀርቦ ተቀምጠናል። ልጅቷ አንዲት ፍሬ በፊት ጥርሷ ነከስ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። ፍሬዋን አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረቻት። ቅርፊቷ እንኳ አልተነካም።

“አንድ ጊዜ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ቢጨርሰው ምናለ?” አለች እናቴ። “ልጄ፣ ያን ሁሉ መንገድ ከምትመላለሺ።”

ይህ የእናቴ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ጥርስ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ክርክራቸውን ለመከተል አንድ ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። ጥርስ መንጋጋ ውስጥ እንደ ምስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ስስ ሽፋን አለች። ሽፋኗ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር በሺዎች ክሮች ታስራለች፤ በውስጧም የደም ሥርና ነርቭ ያልፋል። የአጥር ቋሚ ብትገፋው ዘንበል ይልና ከኋላው ክፍተት ትቶ ይቀራል። ጥርስ ግን ሲገፋ ከፊቱ ያለው አጥንት ይለቅለታል፣ ከኋላው ያለው ይከተለዋል፤ ከወራት በኋላ ቦታውን ቀይሮ እንደ ቀድሞው ጠብቆ ይቆማል። ይህ እንዴት ይሆናል? ታሪኩ ረጅም ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጣት መግፋት፦ ከጥንቷ ሮም እስከ 1728

በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሰስ ስለ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ አንድ ምክር ትቷል። የልጁ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ከጎኑ ከበቀለ፣ የወተቱን ነቅሎ አዲሱን በየቀኑ በጣት እየገፉ ወደ ቦታው ማድረስ ነው። ምክሩ ዛሬም ቢሆን ነውር የለበትም። ትንሽ ኃይል በየቀኑ ከተደጋገመ ጥርስን እንደሚያስኬድ ሰውዬው በዓይኑ አይቷል። ለምን እንደሚሄድ ግን አልጠየቀም፤ ከእሱ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት የጠየቀ ያለ አይመስልም።

ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ትልቁን የጥርስ ሕክምና መጽሐፉን ሲያሳትም ሁለት መንገዶችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ቀዳዳ ያለው ስስ የብረት ጥብጣብ ነው፤ ጠማማዎቹ ጥርሶች በክር ከእሱ ጋር ታስረው ቀስ በቀስ ይሳባሉ። ሁለተኛው የመንቀያ መሣሪያ ነው፤ ጥርሱን ይዞ በአንድ ጊዜ አጣሞ ወደ ቦታው ማምጣትና እስኪድን ድረስ ከጎረቤቶቹ ጋር ማሰር። የእናቴ ሐሳብ ያኔም ነበር ማለት ነው። ታጋሹ መንገድና የጉልበቱ መንገድ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር፤ የትኛው ለምን እንደሚሻል የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልነበረም።

ቀይ አጥንት፦ ከ1736 እስከ 1892

ማስረጃው የተጀመረው ከእራት ገበታ ነው። ጆን ቤልቺየር የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም አንድ ጨርቅ አቅላሚ ቤት ተጋብዞ ሳለ፣ የቀረበው የአሳማ ሥጋ አጥንት ቀይ ሆኖ አየው። አሳማዎቹ የበሉት ቀይ ቀለም ከሚወጣበት የማደር ሥር ጋር የተነካካ ገለባ ነበር። ቤልቺየር ያየውን በ1736 አሳወቀ። ነገሩ ተራ ቢመስልም ጥልቅ ነው። ቀለሙ አጥንት ውስጥ የሚገባው አጥንት በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ማደር እየሰጡና እያቋረጡ አጥንት መቼና የት እንደተጨመረ በቀይና በነጭ መስመር ማንበብ ተቻለ።

ስኮትላንዳዊው ጆን ሃንተር ይህን ዘዴ ይዞ የአሳማ መንጋጋ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1771 ስለ ሰው ጥርስ ባሳተመው መጽሐፍም መንጋጋ እንደ ሊጥ እየተሳበ እንደማያድግ አስረዳ። በአንድ በኩል አጥንት ይጨመራል፣ በሌላ በኩል ይነሳል፤ ቅርጹ የሚጠበቀው በዚህ ነው። የእኛ ወጌሻም ስብራት ሲያስር አጥንት በሕይወት እንዳለና ራሱን እንደሚጠግን ያውቃል። የሃንተር ጭማሪ አጥንት የሚፈርሰው ሲሰበር ብቻ እንዳልሆነ ማሳየቱ ነው፤ ጤነኛ አጥንት ዕድሜውን ሙሉ ይፈርሳል፣ ይሠራል።

አፍራሾቹ ራሳቸው ከመቶ ዓመት በኋላ ስም አገኙ። አልበርት ኮሊከር እ.ኤ.አ. በ1873 ብዙ ኒውክለስ ያላቸውን ግዙፍ ህዋሳት አጥንት በሚሸረሸርበት ቦታ ሁሉ ተቀምጠው አግኝቶ ኦስቲዮክላስት አላቸው። በ1892 ደግሞ ጀርመናዊው ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት የሚሸከመውን ጭነት ተከትሎ ውስጡን እንደሚያደራጅ ጻፈ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ለመልሱ የሚያስፈልገው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጥርስ አስተካካዮቹ ግን ወደ ጠረጴዛው አልቀረቡም። ዋነኛው እምነታቸው አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ይለመጣል የሚል ነበር፤ ጥርስ የሚሄደው አጥንቱ ስለሚጎብጥ ነው ይሉ ነበር። ከእነሱ መካከል የኒውዮርኩ ጆን ፋራር ለእኔ የተለየ ነው። ስለ አጥንት ቢሳሳትም ኃይል እንደ መድኃኒት ተመዝኖ መሰጠት አለበት ብሎ አስቧል። ብሎኑ ጠዋትና ማታ የኢንች አንድ ሁለት መቶ አርባኛ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል እንዲዞር አዝዞ ነበር።

የስቶክሆልሙ ውሻ፦ 1904 እና 1905

ካርል ሳንድስቴት ስዊድናዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ስሙን ከሙያው ሰዎች ውጭ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አላገኘሁም። የሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል። የአንድ ውሻ የላይኛ ፊት ጥርሶች ላይ ሽቦ አድርጎ ለሦስት ሳምንት ወደ ውስጥ ሳባቸው። ከዚያ መንጋጋውን እንደ ወረቀት በሳሱ ንብርብሮች ቆራርጦ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ አየው።

ጥርሱ ከሚሸሽበት ወገን የተወጠሩት ክሮች ጫፍ ላይ አዲስ አጥንት ተሠርቷል፤ የክሮቹን አቅጣጫ ተከትሎ በጣት ቅርጽ ወደ ጥርሱ ተዘርግቷል። ኃይሉ ቢበረታም ቢቀንስም እዚህ በኩል ለውጥ የለም። ጥርሱ በሚሄድበት ወገን ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አሉ። ኃይሉ መለስተኛ በሆነበት ቦታ ኮሊከር ያያቸው ግዙፍ ህዋሳት ከሽፋኗ ውስጥ ተነስተው፣ የአጥንቱ ገጽ ላይ ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየበሉት ነው። ኃይሉ በበረታበት ቦታ ደግሞ ያቺ ስስ ሽፋን ተጨፍልቃለች። የደም ሥሮቿ ተዘግተዋል፣ ህዋሳቷ ጠፍተዋል፤ የቀረው እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ ሕይወት የሌለው ነገር ነው። አጥንት በሊዎቹ ከዚያ ሊነሱ አይችሉም፤ የሚነሱባት ሽፋን ሞታለች። ስለዚህ ከአጥንቱ ጀርባ፣ ከመቅኔው በኩል ዞረው መጥተው ከሥር እየቦረቦሩ ይገባሉ።

ጥርሱ በዚህ ጊዜ ሁሉ ቆሟል። ግድግዳው ከጀርባ ተቦርብሮ እስኪወድቅ፣ የሞተውም ሽፋን እስኪጠረግ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ጥርሱ በአንድ ጊዜ ሸርተት ይላል። ሐኪሙ ይህን አይቶ “ጉልበቴ ሠራ” ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ጥርሱ የሄደው ጉልበቱ ያደረሰውን ጉዳት ሰውነት አጽድቶ ስለጨረሰ ነው።

ሳንድስቴት ይህን በ1904 እና በ1905 በኖርዲክ አገሮች የጥርስ ሐኪሞች መጽሔት አሳተመ። ጥርስን የሚያስኬደው ሽቦው አይደለም፤ ሽቦው የሚያደርገው ቢኖር መልእክት ማስተላለፍ ነው። የሚያስኬዱት የሚበሉትና የሚሠሩት ህዋሳት ናቸው። ወሳኙ ማስረጃ ከአንድ ውሻ አፍ ተገኘ፤ ዓለም ግን አልሰማም።

ክርክሩ፦ ከ1911 እስከ 1932

በ1911 የቪየናው አልቢን ኦፐንሃይም የዝንጀሮ ጥርሶችን እጅግ በለሰለሰ ኃይል አንቀሳቅሶ ሌላ ነገር አየሁ አለ። በእሱ አባባል አንዱ ወገን ተበልቶ ሌላው የሚሠራ አልነበረም፤ የጥርሱ ዙሪያ አጥንት በሙሉ ይለወጥና በኃይሉ አቅጣጫ እንደ አዲስ ይደራጃል። የኦፐንሃይም ሐሳብ ለብዙ ዓመታት የሳንድስቴትን ግኝት ጋረደው። ስለ አጥንቱ ለውጥ የሰጠው ማብራሪያ ባይጸናም ለስላሳ ኃይል ይበጃል ማለቱ ግን ትክክል ነበር። ዘርፉ ሁለቱን ለይቶ ለማየት ጊዜ ፈጀበት።

በመሃሉ ከሌላ አቅጣጫ ደወል ተሰማ። አሜሪካዊው አልበርት ኬቻም በ1920ዎቹ መጨረሻ ሽቦ የታሰረላቸውን ሰዎች ጥርስ በኤክስሬይ አነሳ። የአንዳንዶቹ ሥር አጥሮ፣ ጫፉ ተበልቶ አገኘው። ጥርሶቹ ከውጭ ሲታዩ ተሰልፈዋል፤ ከውስጥ ግን የቆሙበት መሠረት ቀንሷል። አጥንት በሊዎቹ የሞተውን ሽፋን ሲጠርጉ ከጎኑ ያለውንም የጥርስ ሥር ሊነኩት እንደሚችሉ ኋላ ታወቀ። ይህ ክርክሩን ከመጽሔት ገጽ አውጥቶ የታካሚ ጉዳይ አደረገው።

ኦስትሪያዊው ማርቲን ሽቫርትስ በ1932 የሳንድስቴትን ሥራ አንስቶ ቁጥር ሰጠው። ግፊቱ ስሱን የደም ሥር መዝጋት የለበትም፤ በስሱ የደም ሥር ውስጥ ያለው የደም ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም ነው፤ ስለዚህ ኃይሉም ከዚያ ማለፍ የለበትም አለ። ቁጥሩ ዛሬ እንደ ሕግ አይያዝም። ሐሳቡ ግን ቆሟል፦ ልኩ የሚወሰነው በብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን በደሙ ፍሰት ነው።

የሰው ጥርስ በማይክሮስኮፕ ሥር፦ 1951 እና 1952

ኖርዌያዊው ካሬ ራይታን በ1951 ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ ከእንስሳ ወደ ሰው ተሻገረ። ለሕክምና ሲባል መነቀላቸው የማይቀር ጥርሶችን በተመዘነ ኃይል ለጥቂት ጊዜ አንቀሳቅሶ፣ ሲነቀሉ በዙሪያቸው ያለውን ህብረ ህዋስ መረመረ። ሳንድስቴት በውሻው ያየውን ሁሉ በሰው አገኘው። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ኃይሉ ቀላል ቢሆንም ያቺ የሞተች ጠባብ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙውን ጊዜ መፈጠሯ ነው። ቀላሉ ኃይል ትንሽ ያደርጋታል እንጂ ጨርሶ አያስቀራትም። የአዋቂ ሰው ህብረ ህዋስ ደግሞ ከልጅ ይልቅ ለመንቃት ይዘገያል።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1952፣ አውስትራሊያውያኑ ስቶሪና ስሚዝ ለእናቴ ጥያቄ ቀጥተኛውን መልስ አመጡ። የታካሚዎችን ክራንቻ ጥርስ ወደ ኋላ የሚስብ ስፕሪንግ ከኋላ የመንጋጋ ጥርሶች ጋር አያያዙ። የእነዚህ ጥርሶች ሥር ትልቅ ስለሆነ እንደ መልሕቅ ያገለግላሉ። ኃይሉ ከ150 እስከ 200 ግራም ሲሆን ክራንቻው ሄደ፣ መንጋጋዎቹ ቆሙ። ኃይሉ ከ400 ግራም ሲያልፍ ነገሩ ተገለበጠ፤ ክራንቻው ደርቆ ቆመ፣ መልሕቆቹ ወደ ፊት መጡ። የክራንቻው ትንሽ ሥር የከበደውን ግፊት መሸከም አቅቶት ሽፋኑ ሞቷል። በመንጋጋዎቹ ሰፊ ሥር ላይ ሲከፋፈል ግን ያው ኃይል ለስላሳ ነው። ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ሰው የማይፈልገውን ጥርስ ያንቀሳቅሳል። ኋላ የመጡ ጥናቶች ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ትክክለኛ ቁጥር እንደሌለ አሳይተዋል፤ የመገልበጡ ነገር ግን በዘርፉ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው ሆኗል።

ህዋስ እንዴት ይሰማል፦ ከ1957 እስከ 2006

የሚቀረው ጥያቄ፣ ህዋሳቱ እንደተገፉ እንዴት ያውቃሉ የሚል ነበር። በ1957 ጃፓናውያኑ ፉካዳና ያሱዳ ደረቅ አጥንት ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር አሳዩ፤ ለጥቂት ጊዜ መልሱ ኤሌክትሪክ ይመስል ነበር። ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ወደ ኬሚካል ዞረ። ዘኢቭ ዴቪዶቪች በ1970ዎቹ አጋማሽ የድመቶችን ጥርስ ሲያንቀሳቅስ በአጥንታቸው ውስጥ የህዋስ መልእክተኛ የሆነው ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንደሚለዋወጥ ለካ። ጃፓናዊው ያማሳኪ በ1980 አካባቢ በአይጦች ድድ ፕሮስታግላንዲን ወግቶ አጥንት በሊዎቹ ሲበዙ አየ።

ፕሮስታግላንዲን ሰውነት ሲቆስል እብጠትና ሕመም ከሚያመጡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። የእህቴ ልጅ ገብሷን መስበር ያቃታትም ከዚህ የተነሳ ነው። ሽቦው በጠበቀ በሰዓታት ውስጥ ሕመሙ ይጀምራል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይከፋል፤ በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። የሚያማት ሽቦው አይደለም፣ ጥርሱም አይደለም፤ በመካከላቸው ያለችው ሽፋን ሥራ ስትጀምር ነው። አይቡፕሮፌንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሕመሙን የሚያጠፉት ፕሮስታግላንዲንን በማገድ ስለሆነ፣ በእንስሳት ላይ የጥርሱን ጉዞ ሲያዘገዩ ታይቷል። ብዙ ሐኪሞች ፓራሲታሞል የሚያዙት ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ቁልፍ በ1990ዎቹ ማብቂያ ተገኘ። አጥንት በሊዎቹ እንዲወለዱ የሚያዝዘው ፕሮቲን ራንክኤል ተባለ፤ ኦፒጂ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ እሱን ጠልፎ ያስቀራል። ጃፓናዊው ካንዛኪና ባልደረቦቹ በ2004 የኦፒጂን ዘረመል በአይጦች የጥርስ ዙሪያ ሲጨምሩ ጥርሱ ዘገየ፤ በ2006 የራንክኤልን ሲጨምሩ ፈጠነ። በሁለቱም ጊዜ ሽቦው ያው ነበር። ከሳንድስቴት ውሻ መቶ ዓመት አለፈ፤ የተባለው ሁሉ በፕሮቲን ስም ተረጋገጠ።

ብረቱም በበኩሉ ለህዋሱ እየታዘዘ መጣ። አሜሪካዊው ጆርጅ አንድሪያሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኒኬልና ከታይታኒየም የተሠራውን፣ ተጎንብሶ ቅርጹን የሚያስታውሰውን ሽቦ ወደ ጥርስ ሕክምና አስገባ። ይህ ሽቦ ብዙ ቢታጠፍም ለስላሳ ኃይሉን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ልጅቷ በየሳምንቱ ሳይሆን በየስድስት ሳምንቱ ሳነቴን የምትሻገረው በዚህ የተነሳ ነው።

ሁለት ግራም

ታሪኩ ወደ ቤታችን የሚገባበት ሌላ በር አለ። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ሳም ዋይንስታይን በአንዳንድ ሰዎች ጥርስ ጎን ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሚወጣ የወርቅ ልባስ ለጠፈ። ሽቦ የለም፣ ስፕሪንግ የለም። ጉንጭ በልባሱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ብቻ ጥርሱን በሳምንታት ውስጥ ወደ ውስጥ ወሰደው። ሁለት ግራም የማይሞላ ኃይል ሳይቋረጥ ከቆየ ጥርስን እንደሚያስኬድ ታወቀ። ሰው ሁሉ ሽቦ ባይታሰርም በምላሱ፣ በከንፈሩና በጉንጩ መካከል ጥርሶቹን ሲጠብቅ ይኖራል፤ ጎረቤት ጥርስ ሲጠፋም ሚዛኑ ይዛባል።

በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ የሚታየው እብጠት የበሽታው ምንጭ ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ በስለት ይወጣል። የወተት ጥርስ ማውጣት ይባላል። በ1994 ሆላንና ማምበር የተባሉ እስራኤላውያን ሐኪሞች በኢትዮጵያውያን አይሁድ ልጆች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የወተት ክራንቻ የጎደላቸው ልጆች በአጠገቡ ባሉት ጥርሶች ላይ ጉዳት እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። ክፍተቱ ባዶ ሲሆን ጎረቤቶቹ ወደ እሱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ክራንቻ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል።

የእህቴ ልጅ የታች ግራ ክራንቻ የወጣው ከረድፉ ውጭ፣ ከንፈሯን እየገፋ ነው። የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ይዟት ነበር። ያን ቀን ጭንቅላቷን የያዘችው እናቴ ናት። ልጅቷ እንድትተርፍ ነበር የፈለገችው፤ ዛሬም ስለዚያ ቀን ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ሐኪሙ ሽቦው ሲወልቅም ሥራው እንደማያልቅ ነግሯቸዋል። ራይታን በ1959 የተዞሩ ጥርሶችን ሲከታተል፣ የሥሩ ዙሪያ ክሮች በ28 ቀን ገደማ ሲደራጁ የድዱ ክሮች ግን ከ232 ቀን በኋላም ተወጥረው አግኝቷቸዋል። ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይጠሩታል። ስለዚህ ልጅቷ ከሽቦው በኋላ መያዣ ታደርጋለች፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ስትጠይቅ “ለረጅም” ተብላለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ለእናቴ አልነገርኳትም። የነገርኳት የስቶሪንና የስሚዝን ነገር ነው፤ መልሕቁ እንዴት እንደተነሳ፣ የሚፈለገው ጥርስ እንዴት እንደቆመ። የተጨፈለቀችውንም ሽፋን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ በሌሊት ስትነሳ፣ እናቴ ጨጨብሳ በሐረና ማር ለውሳ ቋጠረችላት፤ ለስላሳ ነው፣ ሽቦው ከጠበቀም በኋላ ይበላል። መኪናው ጥሩምባ ሲያሰማ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ መንገድ ሸኘቻት።

“ለዶክተሩ ንገሪው፣ እሺ ልጄ?” አለቻት በመስኮቱ በኩል። “በጣም እንዳያጠብቀው።”